ፓቶሎጂ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሕክምና ጨርሼ ስፔሻሊቲ ልመርጥ ነው። ፓቶሎጂ፣ ማለትም ከሰውነት የተወሰደ ናሙና እያዩ በሽታን የመለየት ሙያ፣ ቀልቤን ስቦታል። ያማከርኳቸው ሰዎች ግን «ዕድሜህን ከአስከሬን ጋር ልትጨርስ ነው?» ይሉኛል። ሥራው በተግባር ምን ይመስላል? ስልጠናውስ?

ነባር ፓቶሎጂስት፦ የአስከሬኑን ነገር ተወው። ሆስፒታል ውስጥ የምንሠራው በአብዛኛው በሕይወት ላለ ሰው ነው። ከቀዶ ሕክምና የወጣ ጡት፣ አንጀት፣ ታይሮይድ ይመጣልሃል። በእጅህ ትዳስሳለህ፣ ትለካለህ፣ የተቆረጠበትን ጠርዝ ቀለም ትቀባለህ። ከዚያ ለስላይድ (በማይክሮስኮፕ ለሚታየው፣ ስስ ናሙና ለተለጠፈበት መስታወት) የሚሆነውን ቦታ መርጠህ ትቆርጣለህ። ይሄን «ግሮሲንግ» የሚንቀው ብዙ ነው። ዕጢው ያለበትን ቦታ ካለፍከው ግን ማይክሮስኮፑ ከየት ያመጣልሃል? የቀባኸው ቀለም ስላይዱም ላይ ይታያል። የካንሰሩ ሴል ቀለሙን ከነካ፣ ታካሚው ውስጥ የቀረ ሊኖር ይችላል ማለት ነው።

ሬዚደንት፦ ስልጠናው እንደየአገሩ ነው። ከሕክምና ዲግሪ በኋላ በአብዛኛው ከ3 እስከ 5 ዓመት ይወስዳል። የደም ወይም የቆዳ ፓቶሎጂ ካማረህ ከዚያም በላይ። መጀመሪያ ላይ ግራ ትጋባለህ፤ ሁሉም ነገር ሮዝና ሐምራዊ ነው። መፍትሔው ጤናማውን ደጋግሞ ማየት ነው። ሂስቶሎጂህን፣ ማለትም የጤናማ ሕብረ ሕዋስ ትምህርትህን፣ ከአሁኑ ከልስ።

የላቦራቶሪ ቴክኖሎጂስት፦ ናሙናው እንዳይበሰብስ ፎርማሊን ውስጥ ቆይቶ፣ በአልኮልና ዛይሊን በሚባል ፈሳሽ አልፎ፣ ሰም ውስጥ ገብቶ ነው በ3 ወይም 4 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ውፍረት የሚቆረጠው። እና «ጠዋት ልኬ ማታ ለምን አልደረሰም» ከሚሉት አትሁን፣ በናትህ! ላቦራቶሪ እየገባህ እየን። አቆራረጡ የተበላሸ ስላይድ በሽታ ሊመስልህ ይችላል።

ቀዶ ሐኪም፦ እኔ ከኦፕሬሽን ክፍል ልናገር። አንዳንዴ ታካሚው ጠረጴዛ ላይ እያለ ለፓቶሎጂስቶቹ ቁራጭ እልካለሁ። እዚያው በቅዝቃዜ አጠንክረው፣ ቆርጠው፣ አይተው በ20 ደቂቃ ገደማ ይደውሉልኛል። ልጨምር ወይስ ልዝጋ የሚለውን የምወስነው ያንን ሰምቼ ነው።

ጠያቂ፦ በጣም አመሰግናለሁ። ታካሚ ማግኘት አይናፍቀኝም ግን?

ነባር ፓቶሎጂስት፦ ሊናፍቅህ ይችላል። በቀጭን መርፌ ናሙና ስትወስድ ታገኛለህ፣ ከዚያ ውጪ እምብዛም። ለእኔ ከባዱ ፊርማው ነው። «ካንሰር ነው» ብለህ የምትፈርመው አንተ ነህ፤ ሌላው ሐኪም ያንን ይዞ ነው የሚቆርጠው። ከተጠራጠርክ ተጨማሪ ስላይድ አስቆርጥ፣ ልዩ ቀለም እዘዝ፣ ለባልደረባህ አሳይ። እኛ ጋ መጠየቅ ነውር አይደለም። ከማመልከትህ በፊት አንድ ሁለት ሳምንት ክፍሉ ውስጥ ቁጭ በል። ከሰዓት ሙሉ ስላይድ ላይ አፍጥጠህ ካልሰለቸህ አመልክት።