የማኅበሩ ድረ ገጽ በምን ላይ ይቁም? ለጉባኤው የሚቀርብ የጋራ ሐሳብ

የቴክኒክ ንዑስ ኮሚቴ ተጠሪ፦
ውድ አባላት፣ ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበውን ሐሳብ እዚሁ ተወያይተን እንጨርሰው። የአባላት መዝገብና የመዋጮ ገጾቻችን እስከ ዛሬ የሚሠሩት በዊንዶውስ ሰርቨር ላይ በአሮጌው ኤኤስፒ፣ ማለትም ገጾችን ሰርቨር ላይ በሚያዘጋጀው የማይክሮሶፍት ቴክኖሎጂ ነው። ኤኤስፒ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ ሲሆን፣ ገጾቻችን የተጻፉበትን ቪቢስክሪፕት የተባለ ቋንቋ ደግሞ ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ ደረጃ በደረጃ እንደሚያስወጣው እ.ኤ.አ. በ2023 አስታውቋል። ስለዚህ መነሣታችን አይቀርም፤ መወሰን ያለብን ወዴት እንደምንሄድ ነው። እኔ የምደግፈው ሊኑክስ የተባለውን ሥርዓተ ክወናና ፒኤችፒ የተባለውን የድረ ገጽ መጻፊያ ቋንቋ ነው። ተቃውሞ ያላችሁ ሳትቆጠቡ ጻፉ።

ገንዘብ ያዥ፦
ሊኑክስ የፈቃድ ክፍያ አይጠየቅበትም፤ ይህ ደስ ይላል። ነገር ግን ክፍያ የለውም ማለት ወጪ የለውም ማለት አይደለም። ሰርቨሩን የሚያድስ፣ መጠባበቂያ ቅጂ የሚወስድ፣ ቅጂው በእርግጥ ተመልሶ እንደሚሠራ የሚፈትን ሰው ያስፈልጋል። የዚህ ሰው ሥራ በሐሳቡ ውስጥ በግልጽ ካልተጻፈ በጀቱን ጉባኤው ፊት ቆሜ ማስረዳት አልችልም።

የሪፖርት ክፍል አባል፦
ፓይተን ለምን ተዘነጋ? የዓመቱን ሪፖርት የማዘጋጀው በእርሱ ነው። ሲነበብ የጠራ ቋንቋ ነው፤ ጃንጎ የተባለው ማዕቀፍ ደግሞ መረጃ ማስገቢያና ማረሚያ ገጾችን ብዙ ሳንደክም ይሰጠናል። የፒኤችፒ ተግባራት (በቋንቋው ውስጥ ያሉ ዝግጁ ትእዛዞች) ግን ስማቸው እንኳን ወጥ አይደለም።

የቴክኒክ ንዑስ ኮሚቴ ተጠሪ፦
ስለ ስሞቹ ያልከው እውነት ነው፤ ጃንጎንም እኔ ራሴ እወደዋለሁ። የሚያሳስበኝ ሰርቨሩ ላይ የሚኖረው አኳኋን ነው። ፒኤችፒ ጥያቄ ሲመጣለት ገጹን ሠርቶ ይሰጥና ሥራውን ይዘጋል፤ በአንዱ ጥያቄ ላይ የደረሰ ብልሽት አብዛኛውን ጊዜ ወደሚቀጥለው አይሻገርም። የፓይተን ወይም የኖድ (ጃቫስክሪፕትን ሰርቨር ላይ የሚያሠራው) መተግበሪያ ግን በተለመደው አሠራር ያለማቋረጥ የሚሠራ ሂደት ነው። ሲወድቅ የሚያስነሣው፣ ማህደረ ትውስታ እያጠራቀመ ሲሄድ የሚከታተለው ያስፈልጋል። በራሳችን ሰርቨር ይህን ማድረግ ይቻላል፤ ብዙ ድረ ገጾች አንድ ሰርቨር በሚጋሩበት የጋራ ማስተናገጃ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ይከለከላል ወይም ይገደባል። ፒኤችፒን የማያቀርብ አስተናጋጅ ማግኘት በአንጻሩ ከባድ ነው። ከአንዱ ጋር ባንስማማ ፋይሎቻችንንና የመረጃ ቋታችንን ይዘን ወደ ሌላው መሄድ እንችላለን። ለእኔ ሚዛን የሚደፋው ይህ ነጻነት ነው። የሪፖርቱ ሥራ ግን በፓይተን ይቀጥል፤ ሌሊት በተወሰነ ሰዓት ቢሠራ ከድረ ገጹ ጋር የሚጋጭበት ምክንያት የለም።

የመዝገብ ኃላፊ፦
እናንተ ስለ ቋንቋ ስትከራከሩ እኔን የሚያስፈራኝ መዝገቡ ነው። እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ፊደላት በኮምፒውተር በሚቀመጡበት ኮድ በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት (የመረጃ መጠን መለኪያ) ይይዛል። «ሰላም» ብለን ብንጽፍ ፊደሉ ሦስት ነው፤ ርዝመት የሚለካው የፒኤችፒ ተግባር ስትርለን ግን ባይት ስለሚቆጥር 9 ይላል። በአባልነት ካርድ ላይ ረጅም ስም ለማሳጠር በ10 ባይት ብንቆርጠው ሦስት ፊደሎች ሙሉ ሆነው ይቀሩና አራተኛው ይሰነጠቃል፤ አባሉ በስሙ መጨረሻ ላይ የተበላሸ ምልክት ያያል። የሰው ስም ነውና ይህን በቀላሉ አላልፈውም። ፊደል የሚቆጥሩት በኤምቢ የሚጀምሩ ተግባራት ናቸው፤ ከእነርሱ ውጭ እንዳይሠራ በሐሳቡ ይጻፍ። የመረጃ ቋቱ ሠንጠረዦችም ሁሉ ሙሉውን ዩቲኤፍ-8 በሚይዘው ቅንብር በዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ይፈጠሩ። የግዕዝ ጽሑፍ ለምዕራብ አውሮፓ ፊደላት በተሠራው በላቲን1 ሠንጠረዥ ውስጥ ገብቶ አንድ ጊዜ ወደ ጥያቄ ምልክት ከተለወጠ መመለሻ የለውም።

ሌላም አለ። ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል እንደ አንድ ያያል፤ ሊኑክስ ይለያቸዋል። ዛሬ የሚከፈቱ የአባላት ፎቶግራፎች በዝውውሩ ማግስት «አልተገኘም» ሊሉ ይችላሉ። ስሞቹ ሁሉ አስቀድመው ወደ ትንሽ ፊደል ይቀየሩ፤ ገጾቹ ውስጥ ያሉት መጠሪያዎችም አብረው ይስተካከሉ።

አንድ አባል፦
የማይክሮሶፍት የመተግበሪያ መሥሪያ የሆነው ዶትኔት ኮር እኮ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በሊኑክስም ይሠራል። በማይክሮሶፍት መንገድ ብንቀጥል የአሁኑ ሥራ አይባክንም ነበር።

የቴክኒክ ንዑስ ኮሚቴ ተጠሪ፦
የአሮጌው ኤኤስፒ ገጽ ወደ እርሱ እንዳለ አይተላለፍም፤ በሁለቱም መንገድ እንደ አዲስ መጻፉ አይቀርም። ከመካከላችን ፒኤችፒ የሚችለው ደግሞ ይበልጣል። ስለ ሊኑክሱ ዓይነት አንድ ነገር ልጨምር። ሴንትኦኤስ 8 የተባለው የሊኑክስ ዓይነት እስከ 2029 ይደገፋል ተብሎ ሲጠበቅ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 በተነገረ ውሳኔ በ2021 መጨረሻ ተቋረጠ። ስለዚህ በአንድ ኩባንያ ውሳኔ ላይ ያልተንጠለጠለውን፣ በበጎ ፈቃደኞች የሚመራውን ዴቢያንን እመርጣለሁ።

የመዝገብ ኃላፊ፦
በፎቶግራፎቹ ስም ከተስማማን ዴቢያንን እደግፋለሁ።

የሪፖርት ክፍል አባል፦
የሌሊቱ ሥራ በሐሳቡ ውስጥ በስም ከገባ እኔም እስማማለሁ።

ሰብሳቢ፦
እስካሁን የተስማማንበት እንዲህ ተረቅቋል፦ «ማኅበሩ ድረ ገጹን ወደ ዴቢያን ሊኑክስ፣ አፓቺ (ገጾችን ለጎብኚ የሚያቀርብ ሶፍትዌር)፣ ማሪያዲቢ (የመረጃ ቋት ሶፍትዌር) እና ፒኤችፒ 8.4 ያዛውራል። የዚህ ፒኤችፒ የደኅንነት ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2028 መጨረሻ ስለሚያበቃ ወደ ቀጣዩ የሚታለፍበት ጊዜ ከወዲሁ በዕቅድ ይያዛል። ሪፖርቶች በፓይተን፣ በሌሊት መርሐ ግብር ይሠራሉ። ከዝውውሩ በፊት የፋይል ስሞችና የመዝገቡ ፊደላት ተፈትነው በመዝገብ ኃላፊዋ ይረጋገጣሉ። አሮጌው ሰርቨር አዲሱ የአንድ ወር መዋጮ በትክክል እስኪመዘግብ ድረስ አይዘጋም። ለጥገናና ለመጠባበቂያ ቅጂ ሁለት ኃላፊዎች ይመደባሉ፤ አንደኛው የቴክኒክ ተጠሪው ነው፤ ሁለተኛው ______።»

ገንዘብ ያዥ፦
ባዶው ቦታ ይሞላ፤ ያን ጊዜ የበጀቱን ሠንጠረዥ አያይዤ እፈርማለሁ።