ካያክ ላይ እግሬ እየደነዘዘ ተቸገርኩ

ጤና ይስጥልኝ። 63 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። በወጣትነቴ ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ካያክ (ተቀምጠው የሚቀዝፉት ጠባብ ትንሽ ጀልባ) እቀዝፍ ነበር። ጡረታ ስወጣ እንደገና ጀመርኩ። ውሃ ላይ ስሆን ደስታዬ ሌላ ነው፤ መተው አልፈልግም።

ያለኝ ያገለገለ የፕላስቲክ ካያክ ነው። ርዝመቱ 3 ሜትር ገደማ ሲሆን እግር ወደ ውስጥ የሚገባበት ዓይነት ነው። ቢሾፍቱ ባቦጋያ ሐይቅ ወስጄ ጠዋት ጠዋት፣ ነፋስ ሳይነሳ እቀዝፋለሁ።

ትከሻዬም ክንዴም ደህና ናቸው። ግን 20 ደቂቃ ያህል እንደቀዘፍኩ ቀኝ እግሬ ከቂጤ እስከ ጣቴ ይደነዝዛል። ስወርድ ቶሎ መቆም ያቅተኛል። ሐኪም አይቶኝ ነበር፤ የዲስክ ችግር የለብህም፣ የጭንህ የኋላ ጡንቻ ግን ተኮማትሯል አለኝ። የሰጠኝን የማፍታቻ እንቅስቃሴ በየቀኑ እሠራለሁ።

የእግር መርገጫውን ወደ ፊት ገፋሁት። ጉልበቴ ሲዘረጋ ባሰብኝ። ወደ ራሴ ሳቀርበው ትንሽ ተሻለኝ። ከዚያ መቀመጫው ላይ ወፍራም ስፖንጅ ጨመርኩ። ድንዛዜው ቀነሰ፤ ግን ከፍ ብዬ ስለምቀመጥ ጀልባው ይወዛወዛል። ባቦጋያ ደግሞ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ስለሆነ ከዳር ብዙም ሳይርቁ ይጠልቃል። ላይፍ ጃኬት ባደርግም፣ ብገለበጥ በደነዘዘ እግር ተመልሶ መውጣት ከባድ ነው።

አንድ ወዳጄ ከላይ የሚቀመጡበትን ዓይነት ግዛ ይለኛል። ለጡረተኛ አቅም ግን ከባድ ነው፤ ያለኝን ማስተካከል እመርጣለሁ።

በዚህ ዕድሜ የምትቀዝፉ ወይም ጀልባ የምትጠግኑ ካላችሁ፦ ከፍታዬን ሳልጨምር ጭኔን ከሥር ደግፎ የሚይዝ መቀመጫ ከምንና እንዴት ልሥራ?