ሰዓቴ «ዞን 4» ይለኛል፤ እኔ ግን እያወራሁ እሮጣለሁ

ጥያቄ፦ ዘግይቶ ጀማሪ

ዕድሜዬ 52 ነው። ሩጫ የጀመርኩት በቅርቡ ሲሆን የልብ ምት የሚለካ የእጅ ሰዓትም አለኝ። ሰዓቱ ምቴን በአምስት ዞን ከፍሎ ያሳያል፤ ከፍተኛ የልብ ምቴንም እኔ ሳልነግረው 168 ብሎ መዝግቦታል። በዝግታ ሶምሶማ ስሮጥ፣ አብሮኝ ከሚሮጠው ሰው ጋር ያለ ችግር እየተጨዋወትኩ እንኳ፣ ምቴ በደቂቃ 138 አካባቢ ይሆናል፤ ሰዓቱም «ዞን 4፣ ከባድ» ይለዋል። በዞን 2 ልቆይ ካልኩ ከ118 ማለፍ የለብኝም፤ ይህ ደግሞ ለእኔ ፈጠን ያለ እርምጃ እንጂ ሩጫ አይደለም። ይባስ ብሎ በቅርቡ ረዥም ዳገት ስወጣ 179 መዝግቧል፤ «ከፍተኛ» ከተባለው ቁጥር በላይ እንዴት ሊወጣ ይችላል? ስልኬ ላይ ያለው መተግበሪያ ደግሞ ያንኑ የ138 ሩጫ ዞን 3 ይለዋል። የትኛውን ልመን? ስብ የሚቃጠለው በዞን 2 ነው ስለሚባልስ፣ ክብደት ለመቀነስ የግድ እዚያ መቆየት አለብኝ? በእረፍት ላይ ምቴ 60 ነው፤ የምወስደው መድኃኒት የለም።

መልስ፦ የቁጥር ሰው

ሰዓትዎ 168ን ያገኘው ከ220 ላይ ዕድሜዎን ቀንሶ ነው። ይህ ቀመር እ.ኤ.አ. በ1971 ከወጣ አንድ ጽሑፍ ጀምሮ የተስፋፋ ሲሆን፣ መነሻው በግምት የተሰመረ መስመር እንጂ ለዚሁ ዓላማ ተብሎ የተካሄደ ጥናት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2001 ታናካ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ የብዙ ጥናቶችን ውጤት አሰባስበው 208 ሲቀነስ የዕድሜ 0.7 እጥፍ የሚል ሌላ ቀመር አቅርበዋል፤ በዚያ ቢሰላ የእርስዎ 172 ይሆናል። ሁለቱም ግን የሚነግሩን የብዙ ሰዎችን አማካይ ነው። የአንድ ሰው ትክክለኛ ከፍተኛ ምት ከአማካዩ በ10 ወይም በ12 ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች መራቁ የተለመደ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚርቁም አሉ። አምራቾች ቀመሩን ያልተዉት ሰዓቱ በመጀመሪያው ቀን ስለ ባለቤቱ የሚያውቀው የልደት ቀኑን ብቻ ስለሆነ ይመስለኛል።

ሰዓቱና ስልኩ ያልተስማሙበት ምክንያት ሌላ ነው፤ ሁለቱ የሚያሰሉት በተለያየ መንገድ ነው። ሰዓትዎ ዞኖቹን የከፈለው በከፍተኛው ምት መቶኛ ነው፦ ዞን 2 ከ60 እስከ 70 በመቶ፣ ማለትም ከ101 እስከ 118፤ ዞን 4 ደግሞ ከ134 ይጀምራል። መተግበሪያው የተጠቀመው ግን በእረፍት ምትና በከፍተኛው ምት መካከል ያለውን ልዩነት መሆን አለበት። ይህ ዘዴ ከፊንላንዳዊው ማርቲ ካርቮነን የ1957 ሥራ ጋር ተያይዞ የሚጠራ ነው። በእርስዎ ቁጥሮች ከ168 ላይ 60 ሲቀነስ 108 ይቀራል፤ የ108ን 60 በመቶ ወስደን 60ን መልሰን ብንደምር ዞን 2 በ125 ይጀምራል፣ በ136ም ያበቃል። ስለዚህ 138 ዞን 3 ሆነ። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ «ዞን 2» የተባሉት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሰው በሰዓቱ ያየውን ዞን ከጓደኛው ዞን ጋር ሲያነጻጽር ብዙውን ጊዜ ይህን ልብ አይለውም።

179 ከተመዘገበ ደግሞ ከፍተኛ ምትዎ ቢያንስ 179 ነው ማለት ነው። ቅንብሩ ውስጥ ገብተው ይቀይሩት።

መልስ፦ ደረት ላይ አስሬ የምሮጥ

በመጨረሻው ነጥብ ላይ እንዳንቸኩል። የእጅ ሰዓት የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት አይደለም የሚለካው፤ አረንጓዴ ብርሃን ወደ ቆዳ ይልክና ደም በእያንዳንዱ ምት ሲሞላና ሲጎድል ተመልሶ የሚመጣውን ብርሃን ያነባል። ክንድ ሲወዛወዝ ግን በቆዳው ሥር ያለው ደምም ከእርምጃው ጋር እኩል ይንቀሳቀሳል፤ ስለዚህ መሣሪያው አንዳንድ ጊዜ የልቡን ትቶ የእግሩን ምት ይቆጥራል። የብዙ ሯጮች እርምጃ በደቂቃ ከ160 እስከ 180 ስለሆነ፣ 179 የሚል ቁጥር ሳይ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህን ነው። የላላ ማሰሪያ፣ የቀዘቀዘ እጅና ንቅሳት ያለበት ቆዳም ንባቡን ያበላሹታል።

እውነተኛውን ለመለየት የዚያን ቀን ግራፍ ይክፈቱ። ምቱ ከዳገቱ ጋር ቀስ እያለ ወጥቶ፣ ሲያቆሙም ቀስ እያለ ከወረደ የልብ ነው። በአንድ ጊዜ ዘልሎ በዚያው ቁጥር ላይ ከተቸከለና የእርምጃ ብዛት መስመሩም እዚያው ከሆነ ግን አይመኑት። ሰዓቱን ከእጅ አንጓ አጥንት ሁለት ጣት ያህል ወደ ክንድ ከፍ አድርጎ ጠበቅ ማሰር በጣም ይረዳል። በደረት ላይ የሚታሰረው ቀበቶ የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት ስለሚያነብ፣ በተለይ ፍጥነት ቶሎ ቶሎ በሚለዋወጥበት ልምምድ ከእጅ ሰዓት የተሻለ ነው።

ጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ግራፉን አየሁት፤ ምቱ ዳገቱን ከጀመርኩ ወዲህ ያለማቋረጥ ወጥቶ ጫፉ ላይ 179 ደርሷል፣ ቆሜ ስተነፍስም በዝግታ ወርዷል። የእርምጃዬ ብዛት በዚያ ሰዓት 150 አካባቢ ነበር። እንግዲህ የልቤ መሆኑን ተቀበልኩ። አንድ ነገር ልጨምር፦ በረዥም ሩጫ መጨረሻ ላይ ፍጥነቴ ሳይለወጥ 138 የነበረው ወደ 148 ይወጣል። ፍጥነቴን ልቀንስ ወይስ እንዳለ ልተወው?

መልስ፦ የቁጥር ሰው

እንግዲያው ከፍተኛውን 180 ብለው ያስገቡ፤ ሰዓትዎ የሚፈቅድ ከሆነም የአከፋፈሉን ዘዴ የእረፍት ምትን ወደሚያካትተው ይቀይሩት። ዞን 2 ከ132 እስከ 144 ይሆናል፣ የ138 ሶምሶማዎም መሀሉ ላይ ያርፋል። ልብ ይበሉ፣ የመቶኛውን ዘዴ እንደነበረ ትተው 180ን ብቻ ቢያስገቡ ያው ሩጫ ዞን 3 ይባላል።

መልስ፦ አሠልጣኝ ነኝ

የቁጥር ሰው ስሌቱን በትክክል አስቀምጦታል፤ እኔ ግን ከስሌቱ በፊት እርስዎ ራስዎ በጻፉት ነገር እጀምር ነበር፦ «እየተጨዋወትኩ»። በሰውነት ውስጥ በእርግጥ የሚታወቁ የሽግግር ነጥቦች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ትንፋሽ ፈጠን ማለት የሚጀምርበትና ረዥም ዓረፍተ ነገር መጨረስ የሚያስቸግርበት ነው፤ ሁለተኛው ጡንቻ ጠንክሮ ሲሠራ የሚያመነጨው ላክቴት የተባለ ንጥረ ነገር ከሚወገድበት በላይ በደም ውስጥ እየተጠራቀመ የሚሄድበትና ከጥቂት ቃላት በላይ መናገር የማይቻልበት ነው። አምስቱ ዞኖች እነዚህን ሁለት ነጥቦች በግምት ለመክበብ የተሰመሩ መስመሮች ናቸው፤ 69 በመቶ ላይ ያለ ሰውነት 71 በመቶ ላይ ሲደርስ ሌላ ሥራ አይጀምርም። ሳይቆራርጡ መናገር ከቻሉ ከመጀመሪያው ነጥብ በታች ነዎት፤ ሰዓቱ የሚለው ከዚህ ጋር ከተጋጨ መታረም ያለበት ሰዓቱ ነው።

ስለ ስብ የጠየቁት አጭር መልስ አለው። ቀላል በሆነ ሩጫ ከሚወጣው ጉልበት ውስጥ የስብ ድርሻ ይበዛል፤ በየደቂቃው የሚወጣው ጠቅላላ ጉልበት ግን ያነሰ ነው፤ ክብደትንም የሚወስነው በቀናትና በሳምንታት ውስጥ በሚበላውና በሚወጣው ጉልበት መካከል ያለው ልዩነት ነው። ዞን 2 የሚጠቅመው ሳይደክሙ ብዙ ሰዓት ለመሥራት ስለሚያስችል ነው፤ ስሙ ላይ «ስብ» ስለተጻፈበት አይደለም።

በስተመጨረሻ የሚታየው የ10 ምት ጭማሪ የሚጠበቅ ነው። ላብ ሲወጣ የደሙ ፈሳሽ ይቀንሳል፣ ሰውነት ለመቀዝቀዝ ብዙ ደም ወደ ቆዳ ይልካል፤ ስለዚህ ልብ በአንድ ምት የሚረጨው ደም ያንስና ያንኑ ሥራ ለመሥራት ቶሎ ቶሎ ይመታል። በሙቀት ቀን ይብሳል። ትንፋሽዎ ካልተለወጠና ንግግርዎ ካልተቆራረጠ ፍጥነትዎን እንደያዙ መጨረስ ይችላሉ፤ ሩጫው በየትኛው ዞን እንደነበር ሲፈርዱ ግን ሰውነት ከተሟሟቀ በኋላ ያለውን የመጀመሪያ ግማሽ ይመልከቱ። ትንፋሹም አብሮ ከከበደ ይቀንሱ።

ለሌሎች አንባቢዎች አንድ ማሳሰቢያ፦ ቤታ ብሎከር የተባሉትን የደም ግፊትና የልብ መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው ምቱ ስለሚታፈን፣ እዚህ የተጻፉት ቀመሮች በሙሉ ለእርሱ አይሠሩም። ከፍተኛ ምቱን በሙከራ ለማግኘት እስከ መጨረሻ አቅሙ ለመሮጥ የሚያስብ፣ በተለይ ዕድሜው የገፋ ወይም ለረዥም ጊዜ ያልተንቀሳቀሰ ሰው፣ አስቀድሞ ሐኪም ያማክር፤ ሲሮጥ ደረቱን የሚያመው ወይም ራሱን የሚያዞረው ደግሞ ስለ ዞን ከማሰቡ በፊት ይመርመር።

ጠያቂው

ሁለቱንም ቅንብር ቀይሬ ዛሬ ሮጥኩ፤ ሰዓቱ ዞን 2 አለኝ፣ ስልኩም ተስማማ። የማስጠንቀቂያውን ድምፅ ግን እስከነጭራሹ አጥፍቼዋለሁ።