የድሮው ስቲሪዮ ግራ ጎኑ ዝም ይላል፤ ላስጠግነው ወይስ ልገላገለው?

ጠያቂ
ሰላም ለሁላችሁ። ከአባቴ የወረስኩት ስቲሪዮ አለ። አምፕሊፋየር፣ ካሴት ማጫወቻና ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች። ዕድሜው ከ40 ዓመት በላይ ነው። ሰሞኑን ግራው ዝም ይልና ድምፁን ከፍ ሳደርገው ድንገት ይመለሳል። ቮልዩሙን ስነካው ይንኮሻኮሻል። ካሴቱ ጭራሽ አይዞርም፣ ሞተሩ ሲሠራ ግን ይሰማል። አንድ ጠጋኝ ሳይከፍተው "ጊዜው አልፎበታል፣ ጣለው" አለኝ። ቤት ውስጥም "ይሄን ሣጥን አንሣልን" እየተባልኩ ነው። ምን ይሻላል?

ብየዳ ወዳዱ
ሳይከፍት ጣለው ያለህ ሰው ጋ አትመለስ። መጀመሪያ አጥፋውና የስፒከሮቹን ሽቦ ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ ግራና ቀኝ አቀያይር። ዝምታው ወደ ቀኙ ስፒከር ከተሻገረ ስፒከሩ ደህና ነው፣ ችግሩ ከአምፕሊፋየሩ ወይም ከዚያ ወዲህ ነው። እኔ ግን ሪሌዩን ነው የምጠረጥረው፤ ስፒከሮቹን ከአምፕሊፋየሩ ጋር የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው ትንሽ ማብሪያ ማለት ነው። ስታበራው ከጥቂት ሰከንድ በኋላ "ቀጭ" ይላል አይደል? እሱ ነው። የውስጡ መገናኛ ሲጠቁር ደካማ ድምፅ አያሳልፍም፣ ከፍ ስታደርገው ግን ገፍቶ ያልፋል። ሪሌይ መቀየር ቀላል ሥራ ነው። ቮልዩሙ አቧራ ነው፤ ኮንታክት ክሊነር (የኤሌክትሪክ መገናኛ ማጽጃ ስፕሬይ) ነፋ አድርገህበት ከዳር እስከ ዳር ደጋግመህ አዙረው። የካሴቱ ደግሞ ከሞተሩ ወደ መዘውሮቹ የሚያዞረው ላስቲክ ቀልጦ ይሆናል።

አንድ ነገር ግን፦ ከሶኬት ነቅለኸውም ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉ። ካልለመድክ ውስጡን በእጅህ አትነካካ።

ስፒከር ነኝ
ጨርቁን አውልቅና የስፒከሩን ወረቀት ዙሪያ በጣትህ ቀስ ብለህ ንካው። ስፖንጅ ሆኖ እንደ ደረቀ ኬክ ከፈረሰ አትደንግጥ፣ ዙሪያው ብቻ ይቀየራል። እኔ መጀመሪያ ስሞክር መሐሉን ሳላስተካክል አጣበቅኩትና ውስጡ ያለው የሽቦ ጥቅልል ማግኔቱን እየፋቀ "ክርር" ይል ጀመር፤ ልጬ እንደገና ሠራሁት። ላስቲክ ከሆነ ግን ዕድለኛ ነህ፣ ብዙ ይቆያል።

ተው ስማኝ
እኔ ደግሞ ሁሉም ይጠገናል ስትሉ አልስማማም። የኔው ካሴቱም ሲዲውም በአንድ የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ የታጨቀ ነበር። የሲዲው ሌዘር ደከመ፣ ቀጥሎ የአምፕሊፋየሩ ቺፕ ተቃጠለ። ቺፑ መመረት ካቆመ ቆይቷል። እንደምንም ያገኘሁት አስመስለው የሠሩት ሆኖ በሁለተኛው ቀን ጨሰ! ስፒከሮቹን አስቀርቼ ሌላውን ሸኘሁት፣ አልቆጨኝም። የጠያቂው ግን በአንድ ቺፕ ሳይሆን በተናጠል ትራንዚስተሮች የተሠራ ከሆነ ምትክ አይጠፋለትም። ትራንስፎርመሩ ተቃጥሎ ከሆነ ግን ልፋቱ አያዋጣም።

ጠያቂ
አቀያየርኩት፣ ዝምታው ወደ ቀኙ ሄደ! "ቀጭ"ም ይላል። የስፒከሮቹ ዙሪያ ላስቲክ ነው። ለሪሌዩ ሌላ ጠጋኝ ጋ እወስደዋለሁ። የካሴቱን ክዳን ከፍቼ ላስቲኩን ስስበው ግን እንደ ሬንጅ ተዝለግልጎ ጣቴ ላይ ቀረ። በምንድነው የሚለቀው?

ብየዳ ወዳዱ
በአልኮል። መዘውሮቹንም በሱው ጥረግ፣ አለዚያ አዲሱ ላስቲክ ይንሸራተታል። እስከዚያው ሶፋው ላይ እንዳትቀመጥ፣ ያኔ የሚባረረው ሣጥኑ ብቻ አይሆንም 😄