ደሴ ላይ፦ በተቃጠለ ዶም ትዊተር ፋንታ ኤኤምቲ ልግጠም?

ጦሳ ግርጌ
ሰላም ለሁላችሁ። ባለ 6.5 ኢንች ዉፈር (የወፍራም ድምፅ ስፒከር) እና ባለ 1 ኢንች የሐር ዶም ትዊተር (ጉልላት መሰል የቀጭን ድምፅ ስፒከር) የተገጠመላቸው ሁለት ዝግ ቦክሶች አሉኝ። አንዱ ትዊተር ስለተቃጠለ ሁለቱንም በኤኤምቲ (በታጠፈ ፊልም የሚሠራ ትዊተር) ልተካ አስቤያለሁ። ዉፈሩ 8 ኦም፣ የድምፅ ጉልበቱ (ሴንሲቲቪቲ) 87 ዲቢ ነው፤ ያገኘሁት ኤኤምቲ 4 ኦም፣ 94 ዲቢ። ክሮስኦቨሩ (ድምፁን ለዉፈርና ለትዊተር የሚከፍለው ሰርኪት) 2 ኪሎኸርትዝ ላይ ይቆርጣል። በብዛት የምሰማው መንዙማና ማሲንቆ ነው። ክሮስኦቨሩን እንዳለ ልተወው? የደሴ ከፍታስ ለውጥ ያመጣል?

ቦርከና ማዶ
ወንድሜ፣ ክሮስኦቨሩን እንዳለ ከተውከው ኤኤምቲው አይበረክትም። ኦስካር ሄይል በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ያመጣው ይህ አሠራር እንደ አኮርዲዮን የታጠፈ ስስ ፊልም ነው። በፊልሙ ላይ የአሉሚኒየም መስመር ተለጥፏል፤ ግራና ቀኝ ማግኔት አለ። እጥፋቶቹ ሲጨመቁ አየሩ ከፊልሙ እንቅስቃሴ በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ይወጣል፤ ጥራቱም ከዚህ ነው የሚመጣው። ትንሹ ኤኤምቲ ግን በ2 ኪሎኸርትዝ ጮክ ተብሎ ሲሠራ መጀመሪያ ድምፁ ይሻክራል፣ ኋላ መስመሩ ይበጠሳል።

መቁረጫውን ወደ 3 ኪሎኸርትዝ፣ 18 ዲቢ በኦክታቭ (ፍሪኩዌንሲው በግማሽ ሲወርድ 18 ዲቢ የሚቀንስ) አውጣው። ለ4 ኦም፦ 8.8 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በተከታታይ (8.2 እና 0.68 በትይዩ)፣ ቀጥሎ 0.16 ሚሊሄንሪ ኮይል ወደ ኔጌቲቭ፣ ከዚያ 27 ማይክሮፋራድ በተከታታይ። የ7 ዲቢውን ልዩነት ለማውረድ ከፊልተሩ በኋላ 2.2 ኦም ሬዚስተር በተከታታይ፣ 3.3 ኦም ከትዊተሩ ጋር በትይዩ፤ ሁለቱም 10 ዋት። ፊልተሩ አሁንም 4 ኦም ያያል። የኤኤምቲ ኢምፒዳንስ (ለተለዋዋጭ ሞገድ ያለው ተቃውሞ) ጠፍጣፋ ስለሆነ ስሌቱ በተግባርም ይሠራል፤ ዶም ላይ እንዲህ አይገኝም።

ዉፈሩንም አትርሳ፤ እሱ 2 ላይ ከቀረ መሐል ላይ ጉድጓድ ይፈጠራል። ለ8 ኦሙ ዉፈር፦ 0.64 ሚሊሄንሪ በተከታታይ፣ 8.8 ማይክሮፋራድ ወደ ኔጌቲቭ፣ ከዚያ 0.21 ሚሊሄንሪ በተከታታይ። የዉፈሩ ኢንዳክታንስ (ኮይሉ ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲን የሚቃወምበት መጠን) 0.4 ሚሊሄንሪ አካባቢ ከሆነ 7.5 ኦምና 10 ማይክሮፋራድ እርስ በርሳቸው በተከታታይ አያይዘህ ከዉፈሩ ጋር በትይዩ ጨምር፤ ያለዚያ መቁረጫው ከቦታው ይንሸራተታል። ፖላሪቲ ያለው ካፓሲተር የትም እንዳይገባ።

ትዊተርህን የበላው ምናልባት የመብራቱ ማነስ ነው። 220 ቮልት ወደ 170 ሲወርድ፣ የቮልት ማረጋጊያ የሌለው አምፕ የሚሰጠው ኃይል ወደ 60 በመቶ ይወርዳል። ድምፁ አነሰ ተብሎ ቮልዩም ሲጨመር አምፑ ሞገዱን ይቆርጠዋል፤ የተቆረጠው ሞገድ የሚወልደው ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ሁሉ ትዊተሩ ላይ ያርፋል። መብራት ሲደክም ቮልዩም ይቀነሳል እንጂ አይጨመርም።

አምባሰል ቅኝት
ጋሼ ቦርከና ያሉት ስሌት ልክ ነው፤ በምርጫው ግን አልስማማም። የ6.5 ኢንች ዉፈር ሾጣጣው 13 ሳንቲሜትር ገደማ ስለሆነ ከ2.6 ኪሎኸርትዝ በላይ ድምፁን ወደ ፊት ብቻ ነው የሚወረውረው። በእኛ ቤት ሰው መጅሊስ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ዙሪያውን ይቀመጣል። ጎን ያለው ሰው የዉፈሩ ድምፅ ሲጠብበት ይቆይና 3 ኪሎኸርትዝ ላይ ኤኤምቲው ድንገት ይሰፋበታል፤ የማሲንቆው ጭረት ጆሮ የሚወጋው እዚያ ነው። ወደ ላይና ወደ ታች ደግሞ ረዘም ያለ ኤኤምቲ ጠባብ ነው፤ ወለል ላይ የተቀመጠ ሰው ጆሮ 80 ሳንቲሜትር አካባቢ ላይ ስለሚውል ቦክሱ ከፍ ካለ ወደ ታች መጋደል አለበት።

ለዚህ ዉፈር እኔ የምመርጠው ዌቭጋይድ (ድምፁን የሚመራ ቀንድ መሰል ጠርዝ) ያለው ዶም፣ እዚያው 2 ኪሎኸርትዝ ላይ። ገንዘብ ከተረፈ ወደ ዉፈሩ ይሂድ። ያለፉት ዓመታት ትልቁ መሻሻል እዚያ ነው፦ የዉፈሩን ኮይል ኢንዳክታንስ የሚያረጋጋ የመዳብ ቀለበት፣ እንደ ዴንማርኩ የስፒከር አምራች ፑሪፊ ያለ ወጣ ገባ ጠርዝ። ትዊተር ላይ ከመጡት የማከብረው የእንግሊዙ የስፒከር አምራች ኬኢኤፍ በፈረንጆቹ 2020 ያወጣውን፣ ከትዊተሩ ጀርባ የሚወጣውን ድምፅ የሚውጠውን ሜታማቴሪያል ነው።

ከፍታ ለውጥ ያመጣል። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በሩብ ያንሳል (ኮምቦልቻ በአምስት አንድ)። ስለዚህ ዝግ ቦክስ ውስጥ ያለው የአየር ስፕሪንግ ይላላል፤ የዉፈሩ መግለጫ ወረቀት 20 ሊትር ካለ እዚህ 15 ሊትር ያንኑ ባስ ይሰጣል። ድምፁም በተመሳሳይ ቮልዩም ከ2 ዲቢ በላይ ያንሳል። ፖርት (የአየር ማስወጫ ቱቦ) ላለው ቦክስ የቱቦውን ርዝመት አትንኩ፤ የድምፅ ፍጥነት የሚወሰነው በሙቀት እንጂ በግፊት አይደለም።

ጦሳ ግርጌ
አላህ ይስጥልኝ። ኤኤምቲዎቹ ግን አንዴ ተከፍሎባቸዋል።

ቦርከና ማዶ
እንግዲያው የጎኑን ነገር በቦክሱ አቅጣጫ አስተካክል፦ ሁለቱን ቦክሶች ወደ ውስጥ አዙረህ መስመራቸው ከመቀመጫው ፊት እንዲገናኝ አድርግ። አሁንም ከወጋ 2.2ቱን ሬዚስተር በ2.7 ኦም ቀይር፤ የትዊተሩ ድምፅ አንድ ዲቢ ያህል ይወርዳል።

ስትገጥም ቀዳዳውን ሙሉ በሙሉ ቆርጠህ፣ ቦክሱን ጠርገህ ስትጨርስ ነው ኤኤምቲው ከካርቶኑ የሚወጣው። ማግኔቱ የብረት ብናኝ ይስባል፤ አንዲት ቅንጣት እጥፋት ውስጥ ከገባች አትወጣም፣ በእያንዳንዱ ኖታ ትጮሃለች። የብረት ብሎንም ከእጅህ ነጥቆ ፊልሙን ይበሳዋል፤ የናስ ብሎን ተጠቀም፣ ካቻቢቴውም ማግኔት የሌለው ይሁን። ከማብራትህ በፊት በቴስተር ለካ፦ 3 እና 4 ኦም መካከል ካላሳየ ወደ ሻጩ መልሰው።