ከጀርባ ወደ ደረት ሲዞር የሚያሰርዘው ነገር፦ የአሌክስ ዋልሽ የፓሪስ ጉዳይ

ሰዓት ያዥ (ጠያቂ)

በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ የሴቶች ዋና 200 ሜትር የግል ድብልቅ ቀዘፋ (ቢራቢሮ፣ ጀርባ፣ ደረትና ነፃ ቀዘፋ በተከታታይ) ፍፃሜ አሜሪካዊቷ አሌክስ ዋልሽ በ2:07.06 ሦስተኛ ሆና ከጨረሰች በኋላ ውጤቷ ተሰረዘ። ነሐሱ በ2:08.08 ለገባችው አውስትራሊያዊት ኬይሊ ማክዮን ሄደ። ምክንያቱ ከጀርባ ወደ ደረት ቀዘፋ ስትዞር ጀርባዋ ላይ ሆና ግድግዳውን አልነካችም የሚል ነው። ግራ የገባኝ፣ በጀርባ ቀዘፋ ውድድር ሁሉም በሆዱ ተገልብጦ አይደል የሚዞረው? እዚያ የተፈቀደው እዚህ ለምን ያሰርዛል? ሌላው ጥያቄ፣ ከ13 እስከ 14 ዓመት ለሆኑ ልጆች የቱ አዟዟር ይሻላል? ገንዳው 25 ሜትር ነው፣ በጀርባ ለሚዋኝ ግድግዳው መቅረቡን የሚያሳይ ባንዲራ የለውም።

ነጭ ሸሚዝ

በድብልቅ ቀዘፋ እያንዳንዱ ስልት የሚያልቀው በራሱ የፍፃሜ ሕግ ነው። በጀርባ ቀዘፋ ውድድር 50ኛው ሜትር ላይ ስትዞር ስልቱ ገና አላለቀም፤ በሆድ መገልበጥ፣ ሳያቋርጡ አንድ ጊዜ በእጅ መሳብና ወዲያው መጠቅለል (ጉልበት ሰብስቦ ውሃ ውስጥ መገለባበጥ) ይፈቀዳል፣ ግድግዳውን በእግር መንካትም ይበቃል። በ200 ድብልቅ 100ኛው ሜትር ላይ ግን ጀርባው እዚያው አለቀ። ስለዚህ የጀርባ ቀዘፋ ውድድር እንደሚጨርስ ሰው፣ ጀርባ ላይ ሆኖ መንካት ግዴታ ነው።

«ጀርባ ላይ» ሲባል ተንጋልሎ መተኛት ብቻ አይደለም። ሰውነት ወደ ጎን መንከባለል ይችላል፣ 90 ዲግሪ እስካልደረሰ ድረስ። ልክ 90 ከሆነ አለቀ። የጭንቅላት አቀማመጥ በሕጉ አይቆጠርም። አንዳንድ አሰልጣኝ «ግድግዳውን አትይ!» እያለ ይጮሃል፤ ማየቷ በራሱ ጥፋት አይደለም፣ ጭንቅላት ሲዞር ትከሻ ተከትሎ ስለሚሄድ ነው ጣጣው።

ከነካች በኋላ እንደፈለገች ትዙር። እግሯ ግድግዳውን ሲለቅ ግን በደረቷ መሆን አለባት። ከዚያ ውሃ ውስጥ እስከ ጭን የሚደርስ አንድ ሙሉ የእጅ ስበት፣ ከመጀመሪያው የደረት ምት በፊት ደግሞ አንድ የዶልፊን ምት (ሁለት እግር አንድ ላይ፣ እንደ ቢራቢሮ) ብቻ ይፈቀድላታል።

መስመር 4

የተጠየቀውን ሁለተኛውን ልመልስ። በተግባር የሚታዩት አዟዟሮች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ተራው ነው፦ በጀርባ ይነካል፣ ጉልበት ይሰበሰባል፣ ሰውነት በጎን ዞሮ ይገፋል። አፍ ከውሃ ስለሚወጣ አንድ ትንፋሽ ይገኛል። ሁለተኛው ከነኩ በኋላ ወደ ኋላ መጠቅለል ነው፤ ከመሰረዝ አንፃር አስተማማኝ ነው፣ ግን አፍንጫ ውስጥ ውሃ ይገባል፣ ልጆች አይወዱትም።

ሦስተኛው ተሻጋሪው ነው፣ ብዙ ታላላቅ ዋናተኞች የሚመርጡት። የመጨረሻው እጅ ቀኝ ከሆነ፣ ከጆሮ አጠገብ በመግባት ፈንታ ከራስ በላይ አልፎ ወደ ግራ ትከሻ መስመር ይሻገራል። ቀኝ ትከሻ ይነሳል፣ መዳፍ ከውሃው ወለል ትንሽ ዝቅ ብሎ ግድግዳውን ይመታል፣ በዚያው ፍጥነት አገጭ ደረት ላይ ተለጥፎ ሰውነት ወደ ፊት ይጠቀለላል። ፍጥነቱ የሚመጣው ሰውነት ሳይቆም ከመንከባለል ወደ መጠቅለል ስለሚያልፍ ነው፤ አደጋውም ከዚያው ይመጣል። ጣት ሳይነካ አንዱ ትከሻ በሌላው ላይ ቀጥ ብሎ ከቆመ ተሰረዝሽ።

ትከሻው ቀድሞ የሚሄደው ደግሞ ብዙ ጊዜ ርቀት ስለተሳሳተ ነው። ዋናተኛዋ ግድግዳው ቀረበ ብላ እጇን ታሻግራለች፣ እጁ ግማሽ ሜትር ያህል ይጎድላል፣ በዚያ ክፍተት ውስጥ ሰውነት መንከባለሉን አያቆምም። በቀስታ ልምምድ አይታይም፤ በቢራቢሮ የደከመ ትከሻ ግን ቀዘፋው ያጥራል፣ ከባንዲራው እስከ ግድግዳው ጠዋት አራት የነበረው የእጅ ቆጠራ ማታ አራት ተኩል ይሆናል። አራት ተኩል የሚባል እጅ ደግሞ የለም።

ቢራቢሮ ነኝ

በዚህ ዕድሜ ተሻጋሪውን ማስተማር አይታየኝም። ተራውን በደንብ ይሥሩት። አንዴ የተሰረዘ ልጅ በሚቀጥለው ውድድር ግድግዳው ጋ ሲደርስ ይፈራል፣ ከመዞሪያው በላይ ጊዜ የሚበላው ያ ነው።

መስመር 4

በፓሪሱ ፍፃሜ ሰመር ማኪንቶሽ 2:06.56፣ ኬት ዳግላስ 2:06.92፣ ዋልሽ 2:07.06 ነበሩ፤ በሁለተኛዋና በሦስተኛዋ መሀል 14 መቶኛ ብቻ። በ2025 ሲንጋፖር በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና በዚሁ ርቀት ካናዳዊቷ ሜሪ-ሶፊ ሃርቪ ነሐሱን በ2:09.15 ስትወስድ የ12 ዓመቷ ቻይናዊት ዩ ዚዲ በ2:09.21 አራተኛ ቀረች። እዚያ ደረጃ ላይ ተራውን ይዞ መቆየት ዋጋ ያስከፍላል። ለ13 ዓመት ልጅ ግን እስማማለሁ፣ ውድድር ላይ ተራው ይበቃል። ልምምድ ላይ ብቻ ተሻጋሪውን በደረጃ ማስገባት ይቻላል፦

መጀመሪያ መጠቅለል የለም። ከ10 ሜትር በጀርባ እየዋኘች መጥታ ትነካለች፣ መዳፏን ግድግዳው ላይ አጣብቃ ሁለት ሰከንድ ትቆያለች። አንተ ገንዳው ዳር ተንበርከክና ከጎን ትከሻዋን እይ፤ ላይኛው ትከሻ ከታችኛው ትክክል በላይ ከቆመ 90 ዲግሪ ደርሳለች፣ ስህተት ነው። ስድስት ጊዜ ያለ ስህተት ሲሆን መጠቅለሉን ጨምር። ከዚያ በኋላ ብቻ 25 ቢራቢሮ፣ 25 ጀርባ በውድድር ፍጥነት ዋኝታ እንድትዞር አድርግ። ስልክ ካለህ በስሎው ሞሽን ቅረጽ፣ ካሜራው ግን ልክ በግድግዳው መስመር ላይ ይሁን።

ነጭ ሸሚዝ

ባንዲራ የለም ስላልከው፦ ከግድግዳው 5 ሜትር ላይ፣ ከውሃው 1.80 ሜትር ከፍታ ላይ ገመድ አስረህ ቀይና ቢጫ ጨርቅ አንጠልጥልበት። ያለዚያ የሚለመደው ቆጠራ ከንቱ ነው። በሁለቱም ጫፍ ይሁን። ገመዱ መሀል ላይ እንዳይረግብ በደንብ ወጥረው፤ ከረገበ መሀል መስመር ላይ ያሉት ልጆች ሌላ ከፍታ ያያሉ።

25 ሜትር ገንዳ የራሱ ወጥመድ አለው። በ200 ድብልቅ ጀርባው ሁለት ርዝመት ስለሚሆን 75ኛው ሜትር ላይ በሆድ ተገልብጦ መዞር ይፈቀዳል፣ 100ኛው ላይ አይፈቀድም። ልጆች 75 ላይ ያደረጉትን በልማድ 100 ላይ ይደግሙታል።

ሰዓት ያዥ (ጠያቂ)

አመሰግናለሁ፣ ገመዱን ዛሬውኑ። 400 ላይ በ50 ሜትር ገንዳስ?

ነጭ ሸሚዝ

ያው ነው፦ 150 ላይ እንደ ጀርባ ቀዘፋ፣ 200 ላይ እንደ ፍፃሜ። ብዙዎች 400 ላይ ተራውን የሚመርጡት በትንፋሹ ነው፤ ተሻጋሪውን የሠራች ዋናተኛ ከመንካቷ በፊት ከሳበችው አየር ጀምሮ የውሃ ውስጥ ስበቷን ጨርሳ ብቅ እስክትል ምንም አታገኝም፣ 200 ሜትር ገና ይቀራታል።

ከደረት ወደ ነፃ ቀዘፋ ሲዞሩም አትዘንጋ። ሁለት እጅ በአንድ ጊዜ፣ ተለያይተው ይንኩ። በድብልቁ ነፃ ቀዘፋ ደግሞ ከግድግዳው በጎን ወይም በጀርባ ተገፍቶ መውጣት ያስኬዳል፣ ግን ወደ ደረት ሳይመለሱ አንድም የእግር ምት መምታት ያሰርዛል። ልጆችህ በጎናቸው ሆነው ዶልፊን የመምታት ልማድ ካላቸው ከአሁኑ አስተዋቸው።