አስቸኳይ፦ ላፕቶፑ አቻ ነው ይላል፣ ስልኩ ደግሞ ነጭ ያሸንፋል ይላል፤ የተበላሸው የትኛው ነው?

ጠያቂው (ኮዬ ፈጬ)፦
ጤና ይስጥልኝ። በኮንዶሚኒየማችን ግቢ የልጆች የቼዝ ውድድር እያካሄድን ሳለ መብራት ሄዶ የመጨረሻው ጨዋታ ሳያልቅ ቀርቷል፤ እኔም የነገውን ዙር ለማጣመር ውጤቱን ዛሬ ማታ መመዝገብ አለብኝ። ነጭ አንድ ቢሾፕ (በሰያፍ ብቻ የሚሄድ ዕቃ) እና አንድ ወታደር አለው፣ ጥቁር የቀረው ንጉሡ ብቻ ነው። ላፕቶፑ ላይ ያለው ስቶክፊሽ የተባለ የቼዝ ፕሮግራም 0.00፣ ማለትም አቻ፣ ይላል፣ ስልኬ ላይ ያለው አሮጌ ፕሮግራም ግን ነጭ በሰፊው እየመራ መሆኑን ያሳያል። በነጭ የሚጫወተው ልጅ አባት «ላፕቶፑ ተበላሽቷል» ብለው አጠገቤ ቆመዋል፤ ባትሪውም እያለቀ ነው።

ባለ ሩኩ፦
ፕሮግራሙን አጥፍተው እንደገና ይጫኑት።

ጥቁር ንጉሥ፦
ወታደሩ በየትኛው መስመር ላይ ነው? ቢሾፑስ የሚሄደው በነጭ ሳጥን ነው ወይስ በጥቁር? ይህ ሳይታወቅ ማንም ሊመልስልዎት አይችልም።

የድሮ ተጫዋች፦
ማሽን አይሳሳትም ብሎ ማመን አይገባም። በ1997 እ.ኤ.አ. ዲፕ ብሉ የተባለው የቼዝ ኮምፒውተር ከዓለም ሻምፒዮኑ ካስፓሮቭ ጋር ባደረገው የመጀመሪያ ጨዋታ፣ በ44ኛው እርምጃ ሩክ የሚባለውን ዕቃ ትርጉም በሌለው መንገድ ያንቀሳቀሰው በፕሮግራም ስህተት እንደነበረ ከሠሪዎቹ አንዱ የሆነው መሬይ ካምቤል በኋላ ተናግሯል። ሰውም ቢሆን ይሳሳታል፤ ካስፓሮቭ በሁለተኛው ጨዋታ እጁን የሰጠው አቻ ማውጣት በሚቻልበት ቦታ ነበር።

ሳቂታው፦
ሰንጠረዥ በሚባለው በአያቶቻችን ቼዝ ቢሆን ኖሮ፣ ወረራ በሚባለው የጨዋታው መክፈቻ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ስለሚያንቀሳቅሱ፣ መብራቱ ሳይሄድ ባለቀ ነበር።

ጠያቂው፦
ወታደሩ ኤች-5፣ ቢሾፑ ዲ-3፣ የነጭ ንጉሥ ኤፍ-5፣ የጥቁር ንጉሥ ጂ-7 ላይ ናቸው። ተራው የነጭ ነው። እባካችሁ ቶሎ በሉ።

ባለ ሩኩ፦
ካልሆነ ላፕቶፑን ራሱን ሪስታርት ያድርጉት።

ጥቁር ንጉሥ፦
ሪስታርት አያስፈልገውም፤ ላፕቶፑ ትክክል ነው። ወታደሩ ንግሥት የሚሆንበት ኤች-8 ጥቁር ሳጥን ሲሆን ቢሾፑ ግን በነጭ ሳጥን ብቻ ስለሚሄድ፣ የጥቁር ንጉሥ ጥግ ከገባ በኋላ ነጭ ሊያስወጣው የሚችልበት መንገድ የለም። ለአባትየው በቦርዱ ላይ ያሳዩአቸው፦ ነጭ ንጉሡን ወደ ጂ-5 ሲያመጣ ጥቁር ኤች-8 ይገባል፤ ነጭ ጂ-6 ሲደርስ ጥቁር ወደ ጂ-8 ይወጣል፤ ወታደሩ ኤች-6 ሲገፋ ጥቁር ወደ ኤች-8 ይመለሳል፤ ወታደሩ ኤች-7 ከደረሰ ደግሞ ጥቁር መሄጃ ስለሌለው ስቴልሜት፣ ማለትም አቻ፣ ይሆናል። ያው ቢሾፕ ኖሮ ወታደሩ በኤ መስመር ላይ ቢሆን፣ ኤ-8 ነጭ ሳጥን ስለሆነ፣ ነገሩ ይለወጥ ነበር። የስልክዎ ፕሮግራም በአብዛኛው የቀረውን ዕቃ ቆጥሮ የሚፈርድ ይመስለኛል። የስቶክፊሽንም ቁጥር ቢሆን እንደ ወታደር ቆጠራ አያንብቡት፤ ከ15.1ኛው እትም ወዲህ +1.00 ማለት የማሸነፍ ዕድሉ 50 በመቶ ነው ማለት ነው።

ዳኛው፦
ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ነው። ፕሮግራሙ የሚነግረን ሁለቱም ሳይሳሳቱ ቢጫወቱ የሚሆነውን ነው፤ ውጤት የሚያወጡት ግን ልጆቹ ናቸው። በጥቁር የሚጫወተው ልጅ ወደ ጥጉ መግባት እንዳለበት ላያውቅ ይችላል፤ ደግሞም ሰዓቱ ቢያልቅበት፣ ነጭ ማት ማድረግ (ንጉሡን መውጫ አሳጥቶ ማሸነፍ) የሚችልበት ዕቃ ስላለው፣ ጥቁር ይሸነፋል። ስለዚህ ቦታውንና የሁለቱንም ቀሪ ሰዓት በወረቀት ጽፈው ነገ ከዙሩ በፊት ያስጨርሷቸው።

ጥቁር ንጉሥ፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ነገር ግን በጥቁር የሚጫወተው ልጅ እዚያው ከሆነ፣ እኔ የጻፍኩትን ከመጫወቱ በፊት እንዳያየው ለአባትየው ብቻ ያሳዩ። ለመሆኑ መብራቱ ሲጠፋ የልጆቹ የጨዋታ ሰዓት ስንት ላይ ነበር?